ባውንደሪ ዋተርስ፦ ታሪኩን ለማንበብ የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?

ሚኒሶታ ሐበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ናት። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ያህል ከተነዳ ኢሊ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። ከኢሊ አለፍ ሲሉ መንገዱ ያልቅና ሐይቁ ይጀምራል። ከካናዳ ድንበር ጋር ተያይዞ የተዘረጋው ይህ አገር ባውንደሪ ዋተርስ ይባላል። ስፋቱ ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ ነው፤ ወደ 440 ሺህ ሄክታር ማለት ነው። ከሺህ በላይ ሐይቆች አሉት። አብዛኛው ክፍል ሞተር አይገባበትም። በታንኳ ይቀዘፋል። ሐይቁ ሲያልቅ ታንኳው ትከሻ ላይ ይወጣና ጫካውን በእግር አቋርጦ ወደሚቀጥለው ሐይቅ ይኬዳል።

ደርሶ የመጣ ሰው መጠየቁ አይቀርም። እነዚህን የጫካ መንገዶች ማን አወጣቸው? ሞተር ለምን ተከለከለ? እዚህ ድሮ ማን ይኖር ነበር? መልሱ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ችግሩ መጻሕፍቱ ብዙ ናቸው፣ ስማቸውም ይመሳሰላል። አንዱ ቢቨር ስለሚባለው የውሃ እንስሳ ቆዳ ንግድ ያወራል፣ ሌላው ስለ ኮንግረስ ክርክር፣ ሌላው ስለ ወፍና ስለ ጭጋግ። ሳያጣራ ያዘዘ ሰው ታሪክ ፈልጎ ግጥም መሰል ወግ ይደርሰዋል።

ስመርጥ ከሁሉም በፊት የማየው አንድ ነገር አለ። መጽሐፉ ይህ ዱር በሰዎች ውሳኔ የቆየ መሆኑን ይነግረናል ወይ? ብሮሹሮች ላይ «የሰው እጅ ያልነካው ምድር» የሚል ነገር ይጻፋል። እውነት አይደለም። ኦጂብዌ የሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝብ ኖረውበታል፣ ዛሬም በዙሪያው አሉ። ነጋዴ ለዘመናት ተመላልሶበታል። ደኑ ተቆርጧል። ሐይቆቹን በግድብ አንድ ሊያደርጋቸው የተነሳ ባለሀብት ነበር። ዛሬ ያለው ጸጥታ በትግል የመጣ ነው። ይህን ደፍሮ የሚናገር መጽሐፍ ገንዘብ ይገባዋል እላለሁ።

ሁሉም መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ የቋንቋቸውን ክብደትም እግረ መንገዴን እጠቅሳለሁ።

የግሬስ ሊ ኑት ሁለቱ መጻሕፍት

ግሬስ ሊ ኑት በሚኒሶታ የታሪክ ማኅበር የጥንት ጽሑፎች ኃላፊ ነበሩ። እንደ ልብ የሚያዝዙት መዝገብ እጃቸው ላይ ነበር። ስለዚህ አካባቢ ከጻፉት ውስጥ ሁለቱን ነው ገዢ የሚያምታታቸው፤ ስማቸው በጣም ስለሚቀራረብ። «ዘ ቮያጀር» በ1931 የወጣ ነው። «ዘ ቮያጀርስ ሃይዌይ» ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1941 ነው የወጣው። የመጀመሪያው ስለ ሰዎቹ ነው፣ ሁለተኛው ስለ መንገዱ።

ቮያጀር የሚባሉት ከሞንትሪያል አካባቢ የሚነሱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቀዛፊዎች ናቸው። ከካናዳ ወደ ምዕራብ ሸቀጥ ይወስዳሉ፣ የቢቨር ቆዳ ይዘው ይመለሳሉ። ቆዳው አውሮፓ ደርሶ ባርኔጣ ይሠራበታል። «ዘ ቮያጀር» የእነዚህን ሰዎች ኑሮ ከአለባበስ እስከ ምግብ፣ ከታንኳ አሠራር እስከ ዘፈን ይዘረዝራል። ዘፈኖቹ ከነዜማቸው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ተቀምጠዋል። ርቀትን ፒፓ ለማጨስ በሚቆሙባቸው ጊዜያት ይለኩ እንደነበር ይነግራል። ከሞንትሪያል መጥተው የሚመለሱትና እዚያው ጫካ የሚከርሙት እንዴት ይናናቁ እንደነበር ይተርካል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሸክሙ ነገር ነው። ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ግራንድ ፖርቴጅ የሚባል ቦታ አለ። ከዚያ እስከ ፒጅን ወንዝ የላይኛው ክፍል ድረስ ውሃው በፏፏቴና በገደል የተሞላ ስለሆነ በእግር መሄድ ግድ ነው። መንገዱ 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አንዱ ጥቅል 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ አንድ ሰው በተለመደው ሁለት ይሸከማል። ከአንድ ኩንታል ጤፍ ብዙም የማያንስ ጭነት፣ በግንባር በሚታሰር ጠፍር ጀርባ ላይ ተይዞ፣ ዳገትና ረግረግ እያቋረጡ ማለት ነው። ይህን አንብቦ የራሱን ቦርሳ የሚያማርር ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ዘ ቮያጀርስ ሃይዌይ» በጣም አጭር ነው፣ መቶ ገጽን ብዙም አያልፍም። ከአሳሾቹና ከቆዳ ነጋዴዎቹ ጀምሮ እስከ እንጨት ቆራጮቹ ዘመን ድረስ የድንበሩን ሐይቆች ታሪክ ባንድ ትንፋሽ ያስነብባል። የአሜሪካና የእንግሊዝ ድንበር ለምን በዚህ የታንኳ መንገድ ላይ እንደተሰመረ የሚገባን እዚህ ነው። በ1842 የተፈረመው የዌብስተርና አሽበርተን ውል ድንበሩን ሲወስን፣ መንገዶቹ ለሁለቱም አገር ሰዎች ክፍት ይሁኑ ብሏል። የዛሬ ቀዛፊ የታንኳውን አንዱን ጫፍ አሜሪካ፣ ሌላውን ካናዳ አድርጎ የሚያርፍበት ምክንያት ይኸው የቆዳ ንግድ መንገድ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነብ ሰው ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አጭር ነው፣ ቋንቋው ቀላል ነው፣ የቦታውን ሙሉ ስዕል ይሰጣል። የመጀመሪያው ጠለቅ ይላል፣ ግን ስለ ባውንደሪ ዋተርስ ብቻ አይደለም፤ ቮያጀሮቹ በረገጡት ሁሉ ይዞራል። ዘፈን፣ ልብስና የዕለት ኑሮ ለሚወድ ሰው ግን ወደር የለውም። ሁለቱም ላይ አንድ ጉድለት አለ። ስለ ነባሩ ሕዝብ የሚናገሩበት አነጋገር የዚያን ዘመን ነው። አንዳንዱ ቃል ዛሬ ጆሮ ይከረክራል። ኦጂብዌዎች በመንገድ ዳር የታዩ ሰዎች ሆነው ነው የሚቀርቡት። ታንኳውን የፈለሰፉት፣ መንገዱን ያወጡት፣ ለነጋዴው የዱር ሩዝ የሚሸጡለት እነርሱ ሆነው ሳለ።

የትግሉ ታሪክ፦ ሰርል ወይስ «ትራብልድ ዋተርስ»?

ዋናው ምርጫ እዚህ ላይ ነው። አንባቢው ገንዘቡን ማውጣት ያለበትም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የኒዌል ሰርል «ሴቪንግ ክዌቲኮ ሱፒሪየር» በ1977 የወጣ ነው፤ ያሳተመውም የሚኒሶታ የታሪክ ማኅበር ነው። «ትራብልድ ዋተርስ» ደግሞ በ1995 ወጣ። ደራሲዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኬቨን ፕሮሾልት፣ ሪፕ ራፕሰንና ማይረን ሃይንስልማን። ሁለቱ መጻሕፍት ስለ አንድ ምድር ቢሆኑም አይደራረቡም። አንዱ ባቆመበት ነው ሌላው የሚነሳው።

የሰርል ታሪክ የሚጀምረው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1909 በአሜሪካ በኩል ሱፒሪየር ብሔራዊ ደን ተከለለ፣ በዚያው ዓመት በካናዳ በኩል ክዌቲኮ የሚባለው ደን ተከለለ። ከዚያ በኋላ ኤድዋርድ ባከስ ይመጣል። ባከስ የእንጨትና የወረቀት ባለሀብት ነው። በ1925 በድንበሩ ሐይቆች ላይ ተከታታይ ግድቦች ልሥራ ብሎ አቀደ። እቅዱ ቢሳካ የአንዳንዱ ሐይቅ ውሃ እስከ 24 ሜትር ከፍ ይል ነበር። ፏፏቴዎቹ፣ ደሴቶቹ፣ ዳርቻው ሁሉ ይሰጥም ነበር።

ተቃውሞውን የመራው ኧርነስት ኦበርሆልትዘር ነው። ከአዮዋ የመጣ፣ ሃርቫርድ የተማረ፣ ሬይኒ ሌክ ላይ ደሴት ውስጥ የሚኖር ሰው ነበር። ሀብት አልነበረውም። ቢሊ ማጊ ከሚባል ኦጂብዌ መንገደኛ ጋር አገሩን በታንኳ ስላካለለው ካርታውን በራሱ ላይ ይዞት ነበር። በ1928 የክዌቲኮ ሱፒሪየር ካውንስል ተቋቋመ። በ1930 የሺፕስቴድ፣ ኒውተንና ኖላን ሕግ ጸደቀ። ሕጉ በሐይቆቹ ዳር 120 ሜትር ያህል ውስጥ እንጨት መቁረጥን ከለከለ፣ የውሃው ከፍታ እንዳይለወጥም አዘዘ። ኮንግረስ መሬት በዱርነቱ ይቆይ ብሎ ካወጣቸው ቀደምት ሕጎች አንዱ ነው። ባከስ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ድርጅቱን አጥቶ በ1934 አረፈ።

ሰርል ይህን ሁሉ በትዕግሥት ይዘረዝራል። ከዚያ የአውሮፕላኑ ጉዳይ ይመጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አነስተኛ አውሮፕላኖች ዓሣ አጥማጆችን ይዘው መሀል ጫካ ወዳሉ ሎጆች ማረፍ ጀመሩ። ቀናት የሚወስድ የቀዘፋ ጉዞ ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ሆነ። በ1949 ፕሬዚዳንት ትሩማን ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ጫማ በታች መብረርን አገዱ። ዱርን ለመጠበቅ ሰማይ ሲዘጋ ማንበብ ያስገርማል። የመጽሐፉ ምርጥ ገጾችም እነዚህ ናቸው።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አጻጻፉ የታሪክ ምሁር አጻጻፍ ነው። ኮሚቴ፣ ደብዳቤ፣ ረቂቅ፣ ስብሰባ ይበዛበታል። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው ቀስ ብሎ ሊያነበው ይገባል። ሁለተኛ፣ የወጣው ትልቁ ሕግ ከመጽደቁ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ዛሬ ባውንደሪ ዋተርስ የሚተዳደርበትን የ1978 ሕግ አያውቀውም።

«ትራብልድ ዋተርስ» የተጻፈው ስለዚያ ሕግ ነው። የ1964ቱ የዱር ምድር ሕግ ባውንደሪ ዋተርስን ቢያካትትም ብዙ ነገር በልዩ ሁኔታ ፈቅዶ ነበር፤ ሞተር ጀልባ ቀጠለ፣ በከፊሉም ዛፍ መቁረጥ ቀጠለ። በ1975 የአካባቢው ተወካይ ጄምስ ኦበርስታር አገሩን ለሁለት የሚከፍል ረቂቅ አቀረቡ፤ ከፊሉ ዱር፣ ከፊሉ የመዝናኛ ሥፍራ። ከሚኒያፖሊስ ደግሞ ዶን ፍሬዘር ሁሉንም ዱር የሚያደርግ ረቂቅ ይዘው ተነሱ። ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ዓመት የጦፈ ፍልሚያ ነው። በመጨረሻ የሁለቱ ወገን ጠበቆች ተቀምጠው ተደራደሩ። ፕሬዚዳንት ካርተር በጥቅምት 1978 ፈረሙ። እንጨት መቁረጥ ቆመ። ሞተር ከውሃው ሩብ ያህል ላይ ብቻ ተፈቀደ። ፍሬዘር ግን በዚያው ዓመት ለሴኔት ሲወዳደሩ በገዛ ፓርቲያቸው ምርጫ ተሸነፉ፤ ሰሜኑ አልማራቸውም።

መጽሐፉ እንደ ፖለቲካ ልብ ወለድ ይነበባል። ማን ማንን ደወለለት፣ የትኛው ድምፅ በምን ተለወጠ፣ ሁሉም አለበት። ምክንያቱም ደራሲዎቹ እዚያው ውስጥ ነበሩ። ሃይንስልማን የተከላካዮቹን ማኅበር መርቷል። ራፕሰን የፍሬዘር ረዳት ነበር። ከዚህ በላይ የቀረበ ምስክር አይገኝም።

ጥንካሬው ግን ድክመቱም ነው። ይህ ያሸነፉት ወገን የጻፉት ታሪክ ነው። የኢሊ ሰዎች ጩኸት ከውጭ ነው የሚሰማው። እነዚህ ሰዎች ሎጅ የነበራቸው፣ ዓሣ አጥማጅ በሞተር የሚያመላልሱ፣ በበረዶ ሞተር አያታቸው ያጠመዱበት ሐይቅ የሚደርሱ ነበሩ። ሕጉ ኑሯቸውን ቀየረው። እኔ ሕጉ መውጣቱን እደግፋለሁ። ያም ሆኖ የተከፈለውን ዋጋ ሳያውቁ ማመስገን ልክ አይመስለኝም። ስለዚህ «ትራብልድ ዋተርስ»ን የሚገዛ ሰው ከሎጅ ወገን የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አብሮ ቢይዝ ደስ ይለኛል። እሱም የጀስቲን ከርፉት «ዉማን ኦቭ ዘ ባውንደሪ ዋተርስ» ነው። በ1986 የወጣ የሕይወት ታሪክ ነው። ከርፉት ከኢሊኖይ መጥታ ገንፍሊንት ሐይቅ ላይ ሎጅ ያስተዳደረች ሴት ናት። ክረምት ላይ ውሻ የሚጎትተው የበረዶ ሸርተቴ ነጂ፣ በጋ ላይ አናጺና አስጎብኚ ነበረች። ከሐይቁ ማዶ ከነበሩ ኦጂብዌ ጎረቤቶቿ የተማረችውን ሳትደብቅ ትጽፋለች። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ወሬ የምታወጋ ይመስላል።

ከሰርልና ከ«ትራብልድ ዋተርስ» አንዱን ብቻ ግዛ ብባል? ባውንደሪ ዋተርስ ለመሄድ ላሰበ ሰው ሁለተኛውን። እዚያ የሚያየው ደንብ ሁሉ ከዚያ ክርክር የወጣ ነው። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ አነሳስ ለሚያጠና ተማሪ ግን ሰርልን። ግድቡ ባይቆም ኖሮ በ1978 የሚሟገቱለት ነገር አይኖርም ነበር።

በመሀል አንድ ሦስተኛ አማራጭ አለ። የዴቪድ ባክስ «ካኑ ካንትሪ፦ አን ኢምባትልድ ዊልደርነስ» በ1991 የወጣ ሲሆን ሁለቱንም ዘመን ባጭሩ ያስቃኛል። ጊዜ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው። ሲያዙ ግን ይጠንቀቁ። «ካኑ ካንትሪ» የሚባል ሌላ መጽሐፍ በ1938 ፍሎረንስ ፔጅ ጃክስ ጽፋለች። የእሷ መጽሐፍ ከባሏ ጋር ያደረገችው የታንኳ ጉዞ ማስታወሻ ነው፤ በባሏ በፍራንሲስ ሊ ጃክስ ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች የተዋበ። የሚያምር ነው፣ ግን የትግሉን ታሪክ አይነግርም። የደራሲውን ስም ሳያዩ ትዕዛዝ አይስጡ።

በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የሚነገር ታሪክ

ሕግና ኮሚቴ የሚሰለቸው ሰው አለ። ለእርሱ የሕይወት ታሪክ ይሻለዋል።

የባክስ «ኤ ዊልደርነስ ዊዚን» የሲገርድ ኦልሰን የሕይወት ታሪክ ነው፤ በ1997 ወጣ። ኦልሰን የኢሊ ኮሌጅ መምህር፣ የታንኳ አስጎብኚና የዱር ተሟጋች ነበር። በ1956 «ዘ ሲንጊንግ ዊልደርነስ» የተባለ የወግ መጽሐፍ አውጥቶ በመላው አሜሪካ ታወቀ። ባክስ የኦልሰንን ማስታወሻና ደብዳቤ በሰፊው ተጠቅሟል። ከውጭ ጸጥ ያለ የሚመስለው ሰው ጸሐፊ ለመሆን ስንት ዓመት እንደተሰቃየ፣ ስንት ጊዜ ተስፋ እንደቆረጠ ያሳየናል። በ1977 ኢሊ ውስጥ በተደረገው ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ሰዎች የኦልሰንን ምስል ሠርተው ሰቀሉት። አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈባት ከተማ ናት። ያን ክፍል ሳነብ ያዝናል ልቤ፤ ለእሱም፣ እንዲያ እስኪቆጡ ድረስ ለተገፉት ሰዎችም። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ግልጽ ነው።

ብዙ ሰው ታሪክ ብሎ የሚገዛው የኦልሰንን የራሱን መጽሐፍ ነው። «ዘ ሲንጊንግ ዊልደርነስ» ታሪክ አይደለም። በወቅቶች የተከፋፈሉ ወጎች ናቸው። ከጉዞ በፊት ማታ ማታ ለማንበብ ግሩም ነው። ማን መቼ ምን እንደወሰነ የሚፈልግ ሰው ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

ስለ ኦበርሆልትዘር የጆ ፓዶክ «ኪፐር ኦቭ ዘ ዋይልድ» አለ፣ በ2001 የወጣ። ፓዶክ ገጣሚ ስለሆነ አጻጻፉ ይፈሳል። ሰርልን ያነበበ ሰው ሊዘለው ይችላል። ሰርል የከበደው ግን በዚህ ይጀምር።

ለልጆች ወይም እንግሊዝኛ ገና እየለመደ ላለ ሰው የማቀርበው የቦብ ኬሪን «ሩት ቢር ሌዲ» ነው፤ በ1993 ወጣ። ዶሮቲ ሞልተር በሙያዋ ነርስ ነበረች። በ1930 ለመጀመሪያ ጊዜ ናይፍ ሐይቅ መጣች፣ ከዚያ በኋላ ኑሮዋን ደሴት ላይ አደረገች። ለሚያልፉ ቀዛፊዎች ራሷ የምትጠምቀውን ሩት ቢር የተባለ ለስላሳ መጠጥ ትሰጣቸው ነበር። የቆሰለ ታክማለች። መንግሥት አካባቢውን ሲያጠቃልል ውጪ ተባለች፣ ሕዝብ ጮኸ፣ እስከ ዕለተ ሞቷ እንድትኖር ተፈቀደላት። በ1986 አረፈች። ጎጆዎቿ ተፈታተው ወደ ኢሊ ተወስደው ሙዚየም ሆኑ። አንድ ሕግ በአንድ ሰው ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ መጽሐፍ አላየሁም። ልጅ ያነበዋል፣ አዋቂም አይሰለቸውም።

መደርደሪያው ላይ የሚጎድለው

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሁሉ የተጻፉት ከውጭ በመጡ ሰዎች ነው። ኦጂብዌዎች በ1854 በላ ፖይንት ውል ይህን ሰሜናዊ ምሥራቅ ሚኒሶታ ለአሜሪካ መንግሥት ሲለቁ የማደንና የማጥመድ መብታቸውን አስጠብቀዋል። መብቱ ዛሬም ይሠራል። በካናዳ በኩል ደግሞ ክዌቲኮ ፓርክ ከተቋቋመ በኋላ በ1915 የኦጂብዌዎች ይዞታ ያለ ፈቃዳቸው ተሰርዟል። የኦንታሪዮ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ1991 ነው። ስለ «ጥብቅ ዱር» የሚያወራ መጽሐፍ ይህን ካልነካ ግማሹን ብቻ ነው የነገረን።

ይህን ክፍተት በከፊል የሚሞሉ ሁለት መጻሕፍት አሉ። የዊልያም ዋረን «ሂስትሪ ኦቭ ዘ ኦጂብዌይ ፒፕል» በ1885 የታተመ ነው። ዋረን በእናቱ ኦጂብዌ ነው። ከሽማግሌዎች አፍ የሰማውን ጽፎ ገና በወጣትነቱ በ1853 አረፈ። ከበድ ይላል። ትኩረቱም ከባውንደሪ ዋተርስ ይልቅ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ነገር ግን ታሪኩ በባለቤቶቹ አንደበት ሲነገር ለመስማት መነሻው እሱ ነው።

የሉዊዝ ኧርድሪክ «ቡክስ ኤንድ አይላንድስ ኢን ኦጂብዌ ካንትሪ» ደግሞ በ2003 ወጣ። አጭር የጉዞ መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ ሕፃን ልጇን ይዛ ሌክ ኦቭ ዘ ውድስ ላይ ያሉትን የአለት ሥዕሎች ታያለች። ከዚያ ሬይኒ ሌክ ላይ ኦበርሆልትዘር ይኖርበት ወደነበረው ደሴት ትሄዳለች፤ እዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍቱ አሉ። ቦታው ከባውንደሪ ዋተርስ ወደ ምዕራብ ነው፣ ግን ውሃው አንድ ነው። በሌሎቹ መጻሕፍት ጀግና የሆነውን ሰው በኦጂብዌ ደራሲ ዓይን ማየት ብዙ ያስተምራል። ከሰርል ወይም ከፓዶክ ጋር አጣምራችሁ ብትገዙት አይቆጫችሁም።

ሁለት ለየት ያሉ

ሃይንስልማን ብቻውን የጻፈው «ዘ ባውንደሪ ዋተርስ ዊልደርነስ ኢኮሲስተም» ካረፈ በኋላ በ1996 ወጣ። የደን ሳይንቲስት ስለነበር የዛፍ ቀለበት እየቆጠረ የትኛው ደን መቼ እንደተቃጠለ ካርታ ሠራ። እሳት የዚህ ደን ጠላት ሳይሆን አሳዳጊው መሆኑን በማስረጃ አሳየ። ሳይንስ የማይወድ አይግዛው። የሚወድ ግን በ1999 ሐምሌ 4 በነፋስ የወደቀውን የዛፍ ብዛትና በ2011 የተነሳውን የፓጋሚ ክሪክ እሳት የሚረዳበት መሠረት ያገኛል።

የኤሚና የዴቭ ፍሪማን «ኤ ዪር ኢን ዘ ዊልደርነስ» በ2017 ወጣ። ባልና ሚስቱ በጫፉ ላይ ሊከፈት የታሰበውን የመዳብ ማዕድን ለመቃወም አንድ ዓመት ሙሉ ጫካ ውስጥ ኖሩ። ፎቶው ውብ ነው፣ ለስጦታ ይሆናል። የማዕድኑ ጉዳይ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ተገለባብጧል። የኦባማ መንግሥት የከለከለውን የማዕድን መሬት ኪራይ የትራምፕ መንግሥት መለሰው፣ በ2022 የባይደን መንግሥት ደግሞ ሰረዘው። መጽሐፉ ስለ አንድ ዓመት ኑሮ ምስክር ነው እንጂ ስለ ጉዳዩ የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ስትገዙ

የኑት ሁለቱም መጻሕፍት በታሪክ ማኅበሩ ደግመው ታትመዋል፣ በወረቀት ሽፋን ይገኛሉ። አሮጌውን ጠንካራ ሽፋን እትም ለማግኘት ብላችሁ ብዙ ገንዘብ አታውጡ፤ ጽሑፉ ያው ነው። ሰርልና «ትራብልድ ዋተርስ» በብዛት ያገለገሉ ናቸው የሚገኙት። ያገለገለ ስትገዙ የካርታው ገጽ እንዳልተገነጠለ ሻጩን ጠይቁ። ያለ ካርታ የሐይቆቹን ስም መከተል አይቻልም። ሚኒሶታ ያላችሁ መጀመሪያ ላይብረሪ ሞክሩ፤ ቅርንጫፋችሁ ባይኖረው ከሌላ ላይብረሪ ያስመጣላችኋል። አንብባችሁ የምትመለሱበትን ብቻ ግዙ።

ለአንድ ቤተሰብ ሦስት መጽሐፍ ምረጥ ብባል «ዘ ቮያጀርስ ሃይዌይ»ን፣ «ትራብልድ ዋተርስ»ንና የኧርድሪክን እወስዳለሁ። ልጅ ካለ «ሩት ቢር ሌዲ» ይጨመር። ዋረንን የምትፈልጉ ደግሞ ቴሬሳ ሼንክ ያዘጋጀችውን የ2009 እትም ግዙ። የግርጌ ማስታወሻዎቿ የድሮውን ስም ከዛሬው ጋር ያያይዙላችኋል፤ ያለ እነርሱ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አታልፉም።